የሁለተኛው ዙር ቁጥሮች

ጋሽ ሚሊ የሞቱት ከአምስት ቮልት የሚበልጥ ነገር በማይለካበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው መዳፍ የምታህል የብረት ሣጥን እንደያዘ፣ ግራ ክንዳቸው የጠረጴዛውን የብረት ጠርዝ እንደተደገፈ፣ ግንባራቸው ከኮምፒውተሩ ፊት ዝቅ ብሎ ተገኙ። መነጽራቸው እንኳ አልወደቀም። ከሩቅ ላያቸው ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የጣላቸው ይመስሉ ነበር።

ሐኪሙ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘርግቶ አየ። ሌባ ጣታቸው ላይ ምስር የምታህል ግራጫ ቃጠሎ ነበረች፤ ግራ ክንዳቸው ላይ ደግሞ የብረቱን ጠርዝ የሚከተል ቀጭን መስመር። ኤሌክትሪክ ነው አለ። በሩ ላይ የቆሙት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

መርማሪዋ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲያወራላት ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ሰዎች የሠሩትን እንዲያወሩላት ከመጠየቅ ይልቅ ሥራቸውን እፊቷ እንዲሠሩት ታደርጋለች። በዚህ ጠባይዋ የሚያሾፉባት ባልደረቦች አሏት፤ አልተወችውም።

ሣጥኗ ምን እንደሆነች ያስረዳት ሮኬቱ ነው። ሮኬቱ በፍጥነቱ የወጣለት ስም ሲሆን፣ አስመጪዎች የሚያመጡት ዕቃ ከመሸጡ በፊት በሚለካበት በዚህ ክፍል ከጋሽ ሚሊ ቀጥሎ ሁለተኛው ለኪ ነበር። ሣጥኗ ማከፋፈያ ናት፤ የኮምፒውተርን አንድ የዩኤስቢ መሰኪያ ወደ ሰባት ታበዛለች፤ ጉልበቷን የምታገኘው ግድግዳው ላይ ከሚሰካ አዳፕተር ነው። የለኪዎቹ ሥራ ሰባቱ መሰኪያዎች ላይ በየተራ ጭነት እየጨመሩ ቮልቱ እስከ ስንት እንደሚወርድ ማየት ነው። አምስት አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ4.75 ከወረደ ዕቃው ወድቋል። ይህችኛዋ ለክሊኒኮች የታዘዘች ናት። የሕሙማንን ትንፋሽ የሚከታተሉ መሣሪያዎች ይሰኩባታል፤ ሰባተኛው ሲሰካ የመጀመሪያው ከደከመ፣ መሣሪያው ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

«አምስት ቮልት ሰው ይገድላል?» ጠየቀችው።

«ዝንብም አይገድልም» አለ ሮኬቱ። «ምላስዎ ላይ ቢያደርጉት ይቆጠቁጥዎታል፤ ከዚያ በላይ አቅም የለውም።»

ከእሷ ጋር የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን፣ ጠረጴዛውንና አዳፕተሩን ፈተሸ። አንዱም እንከን አልነበረበትም። አዳፕተሩ ከማከፋፈያዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣው ነው፤ ቁጥራቸውም ይገጥማል። ጠረጴዛው ላይ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር አልተገኘም። ሰውየው ግን ሞተዋል።

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን ወደ ኮሪደሩ ሳብ አደረጋት። ለአንዲት ሚሊቮልት፣ ማለትም ለቮልት አንድ ሺህኛ፣ ከማንም ጋር የሚጣሉ ሰው ስለነበሩ ጋሽ ሚሊ መባላቸውን ነገራት። ይህን የማከፋፈያ ዓይነት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጥለውታል፤ ዛሬ ሦስተኛው ነበር። ከሰዓት ስምንት ከአምስት ላይ ስልክ ደውሎ ወደ ቢሮው ጠርቷቸው የጡረታ ደብዳቤ እንደሰጣቸው አልደበቀም። ዕቃው ዛሬ ካለፈ ደብዳቤውን ይቅደዱት፣ ካላለፈ ከነገ ጀምሮ ይረፉ ብሏቸዋል። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስምንት ተኩል ላይ ወጡ። ደብዳቤው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ አልተቀደደም።

«ትዳር የላቸው፣ ልጅ የላቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሕይወታቸው ይህ ጠረጴዛ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መላ አያጣም።»

«መላው ምን ነበር?»

«እሱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።»

በኮሪደሩ ጥግ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው። ይህን ንግግር እንደሰሙ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል። መርማሪዋ አጠገባቸው ስትቀመጥ ከእጇ ላይ ያለውን ቅጽ አዩ። ቅጹ ሦስት ሣጥኖች አሉት፦ በአደጋ፣ በራሱ እጅ፣ በሌላ ሰው እጅ።

«መሃለኛውን ነው የምትሞይው?» አሏት።

«ገና አላወቅሁም፣ እትዬ።»

«ራሱን አላጠፋም። እናታችን ስትሞት አራት ዓመቱ ነበር፤ በጀርባዬ ነው ያሳደግሁት። ብቸኛ ነው ይላል እንዴ ያ ሰውዬ? ሦስት ነን። እኔ፣ እሱና ልጄ። ማታ ማታ አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። ነገ በዘጠኝ ሰዓት እቀብረዋለሁ። ራሱን ጠልቶ የሄደ ተብሎ አፈር እንዲገባ አልፈልግም። ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችው ልጃቸው እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝጋቢ ናት። ወደ ሥራው ያስገቧት አጎቷ ናቸው። ገቢ ዕቃ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ የዕቃ ስቲከር፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። ዘጠኝ ከአሥር ላይ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ተበልተዋል። መርማሪዋ ስታነጋግራት ሳታለቅስ፣ ጥያቄው ሳያልቅ አንገቷን እየነቀነቀች መለሰች።

«ስትገቢ ምን አደረግሽ?»

«ጠራሁት። ዝም ሲለኝ ማጥፊያውን አጠፋሁ፤ ከዚያ ትከሻውን ነካሁት።»

«መጀመሪያ ማጥፊያውን?»

«አዎ።»

መርማሪዋ ጻፈችው። ሌላ አልጠየቀችም።

የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሴትዮ ናቸው፤ ቁልፋቸውን ባንገታቸው ስለሚያንጠለጥሉ እትዬ ቁልፍ ይሏቸዋል። ዛሬ ቀልዱ ጠፍቷቸው ነበር። ከስምንት እስከ ስምንት ከአርባ አምስት በር ላይ ከአንድ ሹፌር ጋር ካርቶን ሲረከቡ እንደቆዩ ተናገሩ፤ ሹፌሩም በስልክ ተጠይቆ ይህንኑ አለ። ለዕቃ ክፍሉ ሌላ ቁልፍ ያለው ማነው ተብለው፣ ሥራ አስኪያጁና መዝጋቢዋ ናቸው ብለው መለሱ።

ሮኬቱ በበኩሉ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ከሰባት ተኩል ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር የለካው እሱ ነው፤ ስምንት ከአምስት ላይ ሲጨርስ ዕቃው ወደቀ። በደንቡ የወደቀ ዕቃ ሁለተኛ ዙር ይለካል፤ ስለዚህ ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ እስኪቀረው ሁለተኛውን ለካ፤ አለፈ። ጋሽ ሚሊ ከቢሮ ተመልሰው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ እሱ ለሲጋራ ወጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው የለም።

መርማሪዋ እያዳመጠችው ሸሚዙን ታያለች። ደረቱ ላይ ከካርቶን የወጣ አዲስ ሸሚዝ የሚይዘው የእጥፋት መስመር ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ የዕለቱን የልኬት ወረቀት ይዛ፣ ሮኬቱን ብቻዋን ጠራችው። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተሞላ ስለሆነ የእጅ ጽሑፍ የለበትም፤ በራስጌው የለኪው ስም ቦታ የሮኬቱ ስም አለ። በመጀመሪያው ዙር ቁጥሮቹ በየመሰኪያው እየወረዱ ሄደው ሰባተኛው ላይ 4.66 ይላል። በሁለተኛው ዙር ሰባተኛው ላይ 4.92። የማከፋፈያዋ መለያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። በአስተያየት መስጫው ውስጥ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ አለች፦ ይጣራ።

«ለካልኝ» አለችው።

«ያው ነው፤ ትላንት ለክቼዋለሁ።»

«እፊቴ ለካልኝ።»

ለካ። እጁ እንደ ስሙ ነው፤ ጭነቱን ይሰካል፣ ያነብባል፣ ይጽፋል። ሁለት ዓይነት ቁጥር እንደሚጽፍ አየች፤ አንዱ መለኪያው ላይ የሚታየው ነው፣ ሌላው ደግሞ በትንሹ ከፍ ያለ። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከመሰኪያው እስከ መለኪያው ያለው ኬብል ራሱ ትንሽ ቮልት ይበላል፤ ስለዚህ ኬብሉ የበላው ተመልሶ ይደመራል አላት። እያንዳንዱ ለኪ ኬብሉን በገዛ እጁ ነው የሚሠራው፣ የሚበላውንም ያውቃል።

«ትዋዋሳላችሁ?»

«ኬብል እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «የእኔ ወፍራም ነው፤ ከቮልት ሁለት መቶኛ ብቻ ይበላል። የጋሽ ሚሊ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አምስት ይበላል። ቀይሩት ብንላቸው፣ ዐመሉን አውቀዋለሁ ይሉ ነበር።»

መርማሪዋ አዲሱንና የትላንቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። በአዲሱ ላይ በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው ልዩነት ከላይ እስከ ታች 0.02 ነው። በትላንቱ፣ በሁለቱም ዙር፣ በአሥራ አራቱም መስመር፣ 0.05 ነው። ሮኬቱ ሁለቱን ወረቀቶች አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ትላንት ከሰባት ሰዓት ከሩብ እስከ ዘጠኝ ከአምስት ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ነበር። ለሌላ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ በጓሮ በር ወጣ። ጋሽ ሚሊ ናቸው ሂድ ያሉት፤ በስምህ እለካልሃለሁ፣ እዚህ እንደ እኔ አታርጅ ብለውታል። ሲመለስ የክፍሉ በር ተዘግቶ ስለነበር ወደ ጓሮው ዞሮ ሲጋራ ለኮሰ። ጩኸቱን የሰማው እዚያ ሆኖ ነው።

«ታዲያ ሥራውን አገኘኸው?»

«አግኝቻለሁ» አለ፤ ፍርድ የተነበበበት ሰው ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን እፊቴ የለካኸው ሰባተኛው ላይ 4.66 ሰጠ። ትላንት በመጀመሪያው ዙር የሰጠውም ያንኑ ነው። በሁለተኛው ዙር የተጻፈውን 4.92 ይህ አዳፕተር ሊሰጥ ይችላል?»

ሮኬቱ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ አነበባቸው። «አይችልም» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ አዳፕተር አልነበረም።»

ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። እትዬ ቁልፍ የወደቁ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን የእንጨት ሣጥን አሳዩዋት፤ ከመስኮቱ ሥር ነው፣ ፀሐይ ጠዋትም ከሰዓትም ያገኘዋል። ውስጡ አሥራ ሁለት አዳፕተር አለ። ከአራት ወር በፊት አንድ ላይ የገቡና አንድ ላይ የወደቁ ናቸው፤ መዝገቡ ላይም አሥራ ሁለት ይላል። የወደቁበት ምክንያት ተጽፏል፦ ትርፍ ቮልት። ከሚገባው በላይ ይሰጣሉ።

«ሌላስ እንከን አለባቸው?»

«ሌላው አልተፈተሸማ» አሉ እትዬ ቁልፍ። «እዚህ ቤት በቮልት ልኬቱ የወደቀ ወደ ደኅንነት ፍተሻው አይሄድም። ለሚጣል ዕቃ ምን ጊዜ እናባክናለን ብለው ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ ሚሊ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማረው።»

በየአዳፕተሩ ላይ ቀይ ስቲከር ተለጥፏል። አሥራ አንዱ በአራት ወር ፀሐይ ነጥተው ሐምራዊ ሆነዋል። አንዱ ግን አሁን እንደተለጠፈ ደም የመሰለ ነው። መርማሪዋ ያንን በመሐረብ አንስታ ለባለሙያው ላከችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ባለሙያው አዳፕተሩን ፈትቶ ነበር፤ የተናገረውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

በስድስት ሰዓት ሁሉንም በልኬት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው፦ ሥራ አስኪያጁን፣ ሮኬቱን፣ እትዬ ቁልፍንና መዝጋቢዋን። እህትየው ሳይጠሩ መጡ። መርማሪዋ ወጥታ በሩ ላይ አገኘቻቸውና፣ ውጭ ቢጠብቁ እንደሚሻል፣ እንደጨረሰች እሷው ራሷ መጥታ እንደምትነግራቸው በለሆሳስ ነገረቻቸው።

«ወንድሜ ነው» አሏት። ገብተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውንም ጭናቸው ላይ አደረጉ። መርማሪዋ ቅጹን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ለጥቂት ጊዜ ከየት እንደምትጀምር ያላወቀች መሰለች።

«ጋሽ ሚሊ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች በመጨረሻ። «ይህን አስቀድሜ ልናገር።»

እህትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ገና ነበር።

መርማሪዋ እንደ ሒሳብ መምህር፣ እርምጃ በእርምጃ ሄደች። የልኬት ወረቀቱ የሮኬቱን ስም ይይዛል፣ የለካው ግን የጋሽ ሚሊ ኬብል ነው፤ ስለዚህ ሮኬቱ እዚህ አልነበረም፤ የገባ ሰው የለም ያለውም ቃል ዋጋ የለውም። በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሮኬቱ ዞረ፤ ሮኬቱ መሬት መሬት አየ። ቀጠለች። ጋሽ ሚሊ ከስምንት ከአምስት እስከ ስምንት ተኩል ቢሮ ነበሩ። ያኔ ይህ ክፍል ባዶ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ማከፋፈያዋ ወድቃለች፤ ሲመለሱ ለክተዋት አልፋለች። መሀል ላይ የተቀየረው አዳፕተሩ ብቻ ነው። በእርሱ ፈንታ ከወደቁት አንዱ፣ ትርፍ ቮልት የሚሰጠው፣ ተሰካ። ትርፉ የሚጎድለውን ሞላ፤ ቁጥሩ ከመስመሩ በላይ ወጣ።

«የቀየረው ሰው መግደል አልፈለገም» አለች። «ማከፋፈያዋ እንድታልፍ ብቻ ነው የፈለገው። አዳፕተሩ ሌላ እንከን እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም፤ ስላልተፈተሸ መዝገቡ ላይ የለም። ከግድግዳ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከሚወጣው የሚለየው መከለያ ተቃጥሏል። የግድግዳው ኤሌክትሪክ እንዳለ ወደ ብረቷ ሣጥን ይመጣል። ሲለኩ አልነኳትም፤ የያዙት የኬብሉን ፕላስቲክ ነበር። ሲጨርሱ ግን መለያ ቁጥሯን ሊያነቡ በቀኝ እጃቸው አነሷት፤ ግራቸው የጠረጴዛውን ብረት ተደግፎ ነበር። የመለያ ቁጥሩ ቦታ ባዶ የቀረው ለዚህ ነው።»

እትዬ ቁልፍ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«ማነው ታዲያ የቀየረው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም።

«ወደ ዕቃ ክፍሉ የሚያስገባ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። እርስዎ ያኔ ከጋሽ ሚሊ ጋር ነበሩ። እትዬ ከሹፌሩ ጋር በር ላይ ነበሩ።»

ሦስተኛውን አልጠራችም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን አንድ አቅጣጫ ላለማየት ሲጥር ታየ። ልጅቷ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል አስገብታ ነበር።

«የተመለሰው አዳፕተር ስቲከሩ አዲስ ነው» አለች መርማሪዋ፣ አሁን ወደ እሷ ብቻ። «የድሮው ሲላጥ ተቀዶ መሆን አለበት። የስቲከሩ ጥቅል የሚቆለፈው በአንቺ መሳቢያ ውስጥ ነው። የጡረታ ደብዳቤውን የመዘገብሽውም አንቺ ነሽ፤ ትላንት ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በአንቺ እጅ ጽሑፍ። ከአጎትሽ በፊት ታውቂ ነበር። እና አምስት ቮልት አይገድልም በሚባልበት ክፍል ገብተሽ፣ አጎትሽን ከመንካትሽ በፊት ማጥፊያውን አጠፋሽ። ዓይንሽ ያረፈው አዳፕተሩ ላይ ነበር። ልትመልሺው ነበር የመጣሽው።»

«አዎ» አለች ልጅቷ።

እናቷ ፊታቸውን አላዞሩም። «ምን አዎ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው አጭር ነበር፤ መርማሪዋም አላቋረጠቻትም። ደብዳቤውን ስትመዘግብ፣ ዕቃው ዛሬ ካለፈ እንደሚቀደድ ሰምታለች። አጎቷ ከዚህ ቤት ከወጡ ዓመት እንደማይቆዩ ታውቃለች፤ በዓመት እረፍታቸው እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ። የመጀመሪያው ዙር መውደቁን ኮምፒውተሯ ላይ አየች። ትርፍ ቮልት የሚለውን ከመዝገቡ አስታወሰች። አንዴ ይለፍላቸው፣ ከዚያ ሌላ ይፈጠራል ብላ አሰበች። ዘጠኝ ከሦስት ላይ መጥታ ሞተው አገኘቻቸው። ማጥፊያውን አጠፋች፤ ነካቻቸው። ያኔ ገባት። አዳፕተሩን ቀየረች፣ ስቲከሩ የተላጠውን ወደ ዕቃ ክፍሉ መልሳ አዲስ ስቲከር ለጠፈችበት፣ ተመልሳ መጥታ ጮኸች። ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው።

«ትላንት ራሱን አጠፋ ሲሉ አጠገቤ ነበርሽ» አሉ እናቷ።

«ነበርኩ።»

«እኔ ይህችን ሴትዮ ስለምናት።»

«እማ፣ ብናገር ማን ይቀርልሻል ብዬ ነው። እሱ እንደሆነ ሄዷል።»

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀች።

«ቁጥሩን ሲያይ ደስ ብሎት ነበር? ማለፉን አምኖ ነበር?»

መርማሪዋ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ አሁን አንድ የራሷን ለመናገር ቃጣት። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ልጅቷም ማንበብ ትችላለች። ጣቷን ከአስተያየቱ ቦታ ላይ አስቀመጠች። ለሚሊቮልት የሚጣላ ሰው፣ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከሩብ ቮልት በላይ በነፃ ሲመጣለት አላመነም። ይጣራ ብሎ ጻፈ። ማከፋፈያዋንም ያነሳት ለመፈረም አልነበረም፤ ያቺው መሆኗን ለማየት ነበር።

«ቢተርፉም አይፈርሙም ነበር» አለች።

ልጅቷ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሥታ፣ ሳትባል፣ እጆቿን አስቀድማ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ የቆመው ፖሊስ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ወደ መርማሪዋ አየ።

መርማሪዋ ቅጹን ገልብጣ ሦስተኛውን ሣጥን ሞላች፤ አጠገቡ ሳይታሰብ የሚል ቃል ጨመረችበት። ቅጹ ለእንዲህ ያለ ቃል ቦታ ስላልተወ፣ ከመስመሩ ውጭ ነበር የጻፈችው፤ ማን እንደሚያነበውም እርግጠኛ አልነበረችም። ለእህትየው አሳየቻቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ይሄን ነበር የፈለግሁት።» ቅጹን መለሱላት። «ልጄ ለቀብሩ ትመጣ ይሆን? በዘጠኝ ሰዓት ነው። ቆማ ታይና ትመለሳለች።»

መርማሪዋ ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ቦታ ደወለች። ሁለቱም ቃሉ ሳይመዘገብ ተጠርጣሪ ወደየትም አይሄድም አሏት፤ የልጅቷን ቃል የሚመዘግበው ሰው ደግሞ እስከ ነገ የለም። ስትመለስ እህትየው ከፊቷ አነበቡትና እንድትናገር አላስቸገሯትም። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ማከፋፈያዋን አስመጪዎቹ ዛሬ ጠዋት ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ለመውሰድ እንደጠየቁ ለሮኬቱ ይነግረው ነበር። ሮኬቱ እዚያኛው ላቦራቶሪ ስንት ዙር እንደሚለኩ ጠየቀ። አንድ፣ አለው፤ እሱንም ምንም ጭነት ሳይሰካ።

አስከሬኑን የያዘው መኪና ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቅ ነበር። እህትየው ከፊት ወንበር ለመቀመጥ እምቢ ብለው ከኋላ፣ ከሣጥኑ አጠገብ ገቡ። ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ሹፌሩ የኋላውን በር በአንድ እጁ ይዞ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አየና ጠየቃቸው፦

«እናቴ፣ ሌላ የሚመጣ ሰው አለ?»

«የለም» አሉ። «እንሂድ።»